ሱቁን አምኖ መሄድ



ውድ አንባቢያን! ስለ ቤተሰብ ስንወያይ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የባልና የሚስትን፣ የወላጅና የልጅን ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ቤተሰቦች የዕለት ጉርሳቸውን ስለሚያገኙበት፣ አልፎ አልፎም ስለሚኳረፉበት አንድ ነገር እንነጋገራለን። ይኸውም የቤተሰቡ ንግድ ቤት ነው።

እንደሚታወቀው በመርካቶም ሆነ በየከተማው ገበያ ካሉት ሱቆች እጅግ ብዙዎቹ የቤተሰብ ናቸው። አባት በጠዋት ይከፍታል፤ ትልቁ ልጅ ከመጋዘን ዕቃ ያወጣል፤ ሴቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረሰኝ ትቆርጣለች፤ የአጎት ልጅ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ይላላካል። ንግድ ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም ይሁን እንጂ በውስጡ የሚተዳደረው ሰው ብዙ ነው።

የእነዚህን ቤቶች ባለቤቶች «ዕረፍት የሚወጡት መቼ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው ይስቁብናል። ለመንግሥት ሠራተኛና ለኩባንያ ተቀጣሪ እንጂ ለነጋዴ ዕረፍት የሚባል ነገር አለን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። ባለሱቁን ግን «ውጣና ዕረፍ» የሚለው አዋጅ የለም። እሱ ከሱቁ የሚለየው ለቅሶ ሲደርስበት ወይም ሲታመም ብቻ ነው።

ለመሆኑ ባለቤት ከሱቁ መራቁ ኪሳራ ብቻ ነውን? አይደለም። በዝግጅት የተደረገ መራቅ ለባለቤቱም፣ ለልጆቹም፣ ለሱቁም ይጠቅማል። እንዲያውም አንድ ሱቅ በእውነት የቤተሰብ ነው ወይስ የአንድ ሰው ብቻ የሚለውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ፈተና ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሱቅ፣ ሁለት ጊዜ ባለቤት ሲለየው

ከዓመታት በፊት አሥረኛ ክፍል ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበረ። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። እኚህ ሰው አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳሉ በድንገት ታመው ሆስፒታል ገቡና ሦስት ሳምንት ተኙ። ልጁም ትምህርቱን ትቶ ሱቅ ዋለ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው መጥቶ «አባትህ የ40 ጣቃ ጨርቅ ዕዳ አለባቸው» አለው። በሦስተኛው ቀን ሌላ መጣ። ልጁ እናቱን ጠየቀ፤ እናቱም አያውቁም። የዱቤ መዝገቡ ሲገለጥ ያለው ሙሉ ስም ሳይሆን «የደሴው»፣ «ረጅሙ»፣ «የሰይድ ጎረቤት» የሚል ነው። ማን ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቀው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ብቻ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ገንዘብ አለን የሚሉት ሲመላለሱ፣ ዕዳ ካለባቸው ዱቤኞች ውስጥ «ይኸው ገንዘባችሁ» ብሎ በራሱ የመጣ አንድም አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ፣ ሰውየው ዳኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ አላህ ወፍቋቸው ለሐጅ ተነሡ። በዚህን ጊዜ ግን ከመሄዳቸው ከሁለት ወር በፊት ከልጃቸውና ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የዱቤ መዝገቡን እንደገና ጻፉ። የእያንዳንዱ ደንበኛ ሙሉ ስም፣ ስልክና የሚከፍልበት ቀን ገባ። ያለባቸውን ዕዳ ከፈሉ፤ ያልደረሰውን በምስክር ፊት አስመዘገቡ። ልጁ ከሰላምታ በቀር አባቱን ሳያስቸግር ሱቁን አንድ ወር ያህል አስተዳደረ።

ሱቁ ያው ሱቅ፣ ልጁም ያው ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ዕድሜ ቢጨምርለትም ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ እውቀቱ ሁሉ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሆስፒታል ገባ። በሁለተኛው ጊዜ ሰውየው ሲሄዱ እውቀቱ ሱቁ ውስጥ ቀረ። መጀመሪያውኑ ሐጅ ባይሄዱ ኖሮ ያ መዝገብ እስከ ዛሬም «የደሴው» እና «ረጅሙ» እያለ ይቀጥል ነበር።

ሐጅ ነጋዴውን ምን ያስተምረዋል?

የሐጅን ሥርዓት የሚያስተምሩ የፊቅህ ኪታቦች ገና ወደ ጉዞው ሳይገቡ ለመንገደኛው የሚሰጡት ምክር አለ። ዕዳህን ክፈል፤ የሰው አማና ካለብህ መልስ፤ ለቤተሰብህ እስክትመለስ የሚበቃ ቀለብ ተው፤ ያልተከፈለ ነገር ካለ የሚከፍልልህ ወኪል አቁም፤ ኑዛዜህን ጻፍ ይላሉ። ይህን ምክር በነጋዴ ዓይን ስናየው አንድ ንግድ ቤት ሒሳቡን ዘግቶ፣ ዕዳውንና ሀብቱን ለይቶ፣ ሥልጣኑን አስረክቦ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ሙሉ ሥራ ነው።

ልብ እንበል፤ የሐጅ ዋናው ሥርዓት ከዙልሒጃ 8 እስከ 12 ወይም 13 ባሉት ቀናት ይጠናቀቃል። ከአገራችን ለሚነሣው ሰው ጉዞው ሳምንታትን ይፈልጋል። ዝግጅቱ ግን ከሁለቱም ይረዝማል። ሱቁን የሚጠቅመው አንዱ ትልቅ ነገር ባለቤቱ ገና ሳይነሣ በዚያ የዝግጅት ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ነው።

ይህ ደግሞ ለሐጅ ብቻ የተባለ አይደለም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ የሚናገረው በጊዜ ስለተወሰነ ዕዳ አጻጻፍና ስለ ምስክሮቹ ነው፤ ትንሹንም ሆነ ትልቁን ለመጻፍ መሰልቸት እንደማይገባ ያሳስባል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማሳለፍ እንደሌለበት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ታዲያ መዝገቡን በጭንቅላቱ ይዞ ሃያ ዓመት የሚነግድ ሰው ስንት ሌሊት አሳለፈ ማለት ነው?

ባለቤቱ በሌለበት መነገድ አዲስ ነገር አይደለም

«ዕቃ ባለቤቱ ካላየው ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል እውነት የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም የንግድን ታሪክ ግን አያውቅም። በሱረቱ ቁረይሽ የተወሱትን የክረምትና የበጋ ጉዞዎች እናስታውስ። የመካ ነጋዴዎች ቅፍለት ወደ የመንና ወደ ሻም ሲወርድ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ሁሉ አብሮ አይጓዝም ነበር። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ራሳቸው መካ ተቀምጠው ንብረታቸውን በታማኝ ሰው እጅ ያስነግዱ ነበር። ከነቢይነት በፊት የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የእሳቸውን ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ሲወርዱ አገልጋያቸው መይሰራ አብሮ ተጉዟል፤ ሲመለስም ያየውን ነግሯቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ለንግድ ቤታችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። ባለቤቷ ታማኝ ሰው መረጡ። ሥራውን በሙሉ ሰጡት። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሆነውን የሚነግራቸው ሰው ነበራቸው። በፊቅህ ሙዳረባ የሚባለው፣ አንዱ ገንዘብ ሌላው ጉልበት አውጥተው ትርፉን በስምምነት የሚካፈሉበት የንግድ ዓይነትም የቆመው የገንዘቡ ባለቤት ከሥራው ቦታ ሊርቅ እንደሚችል በማመን ላይ ነው።

የራቀ ዓይን

አሁን ደግሞ ወደ ባለቤቱ እንምጣ። ከሱቁ በመራቁ እሱ ራሱ ምን ያገኛል?

ሱቅ ውስጥ የዋለ ሰው ቀኑ በደንበኛ ይቆራረጣል። አንዱ ዋጋ ይከራከራል፤ አንዱ ዱቤ ይጠይቃል፤ ተሸካሚው ሒሳቡን ይፈልጋል፤ የግብር ወረቀት ይመጣል። ሁሉም ዛሬ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። «ይህን ዕቃ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገዛው ሰው ይኖራልን?» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም ደንበኛ አይጠይቅም። ስለዚህም ሳይጠየቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በጃፓን የሚገኘው የቶዮዳ ቤተሰብ ነው። ቶዮታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሚኒባሱን ነው። ይህ ቤተሰብ ግን የጀመረው በሽመና መኪና ነው። የቤተሰቡ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. ከሚሠሩበት የሽመና መኪና ኩባንያ ለመልቀቅ ተገደዱ። ከዚያም አገራቸውን ትተው ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሄዱ። በየፋብሪካው እየዞሩ የሌሎችን የሽመና መኪና ከራሳቸው ጋር አነጻጸሩ፤ በአሜሪካም አውቶሞቢል በመንገዱ ላይ ሲርመሰመስ አዩ። በ1911 ዓ.ም. አገራቸው ተመልሰው የራሳቸውን ሽመና ፋብሪካ አቋቋሙ።

ልጃቸው ኪይቺሮም በተራው በ1929 ዓ.ም. ወደ ውጭ ተጓዘ። የሄደበት ዋናው ጉዳይ አውቶማቲክ የሽመና መኪናቸውን የመሥራት መብት ፕላት ብራዘርስ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ለመሸጥ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጉዞ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎችን ጎበኘ። በ1933 ዓ.ም. በሽመና መኪናው ኩባንያ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተከፈተ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ቶዮታ ሞተር ኩባንያ ራሱን ችሎ ቆመ። ከዚያም የቤተሰቡ አባል ኤይጂ ቶዮዳ በ1950 ዓ.ም. አሜሪካ ሄዶ በፎርድ ፋብሪካ ሳምንታት አሳለፈ፤ ተመልሶም ያየውን ከአገሩ አቅም ጋር አጣጥሞ ለመሥራት ተነሣ። (በዚህ ክፍል የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶዮዳዎች ባለጸጋ የሆኑት ስለተጓዙ ብቻ ነው አንልም። ድካማቸውና ችሎታቸው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከሽመና ወደ አውቶሞቢል የሚወስደውን መንገድ ከሽመናው መኪና አጠገብ ሳይንቀሳቀሱ ቢቀመጡ ኖሮ ማየት ይከብዳቸው ነበር።

«እኛ አሜሪካ የምንሄድበት ገንዘብ የለንም» የሚል ይኖራል። አስፈላጊው ርቀቱ አይደለም። በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ የገባ ነጋዴ ከሱቁ የሚለየው ምናልባት በአንድ ኪሎ ሜትር ነው። መስጊድ ውስጥ ግን ግዢና ሽያጭ የለም። የገባው ለዒባዳ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አሥር ቀን ሙሉ ዋጋ ሳይናገር የዋለ አእምሮ ወደ ሱቁ ሲመለስ ሱቁን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠውን ዕቃ ያኔ ያየዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እናስተውል። ለዐረፋ ብዙ የስልጤና የጉራጌ ሙስሊም ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ሀገር ቤት ይወርዳሉ። ይህ የተወደደ ልማድ ነው፤ ዝምድናን ይቀጥላል፤ አካልንም ያሳርፋል። ነገር ግን የተዘጋ ሱቅ አይፈተንም። ሱቁን የሚፈትነው ባለቤቱ በሌለበት በሩ ተከፍቶ ሲውል ነው።

ሁሉም በተራው ይውጣ

መራቅ ለባለቤቱ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ባንኮች ይህን በውድ ዋጋ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የጃፓኑ ዳይዋ ባንክ በኒውዮርክ ቅርንጫፉ አንድ ሠራተኛ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ ከአሥር ዓመት በላይ ደብቆ መቆየቱ ታወቀ። ሰውየው የሚገዛና የሚሸጥም፣ ሒሳቡን የሚቆጣጠርም እሱው ራሱ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ባንኮች በእንዲህ ዓይነት ጥብቅ ቦታ ያሉ ሠራተኞቻቸውን በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ከሥራቸው እንዲያርቁ መክሯል። ምክንያቱም የተደበቀ ነገር ተደብቆ የሚቆየው ደባቂው በየቀኑ ሲገኝ ነው። ሌላ ሰው ሁለት ሳምንት በቦታው ከተቀመጠ ነገሩ ይወጣል።

ወደ ቤተሰብ ሱቅ ስንመለስ ይህ ጉዳይ በጣም ስስ ነው። ካዝናው ዘንድ የሚቀመጠው ወንድም ነው፤ የእህት ልጅ ነው። «ሒሳብህን እንመልከተው» ማለት «ሌባ ነህ» እንደማለት ይቆጠራል። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። ባለመጠየቁም ጥርጣሬ በልብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይቆይና አንድ ቀን በሽማግሌ ፊት ይፈነዳል። ስንቱ የወንድማማች ንግድ በዚህ ተበተነ!

ለሁሉም የወጣ ደንብ ግን ማንንም አያሳፍርም። «በዚህ ሱቅ የሚሠራ ሁሉ በዓመት ሁለት ሳምንት ይወጣል፤ በቦታውም ሌላ ይሠራል» የሚል ደንብ ካለና የመጀመሪያው ወጪ ባለቤቱ ራሱ ከሆነ፣ የእህት ልጅ ተራው ሲደርስ የሚከፋበት ምክንያት የለም። ደንቡ አጥፊውን ከማጋለጡ ይልቅ ታማኙን የሚጠብቅ መሆኑ ይበልጣል። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳይቀር የሠራ ልጅ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ነው። ግን ታማኝነቱን የሚያስመሰክርበት ነገር በእጁ የለም። ወጥቶ ሲመለስ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ከተገኘ ምስክሩ ያ ነው። ዕረፍቱም ቢሆን ሐቁ ነው፤ ዘመድ መሆኑ ጉልበቱን ያለ ዕረፍት ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም።

«ልጆቼ ገና ናቸው»

ከአባቶች ዘንድ አዘውትሮ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ልጁ 25 ዓመት ሞልቶት፣ ዲግሪ ይዞ፣ አግብቶም «ገና ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ሱረቱ ኒሳእ 6ኛውን አንቀጽ ማስተዋል ይገባል። የቲሞችን የሚያሳድጉ ሰዎች ልጆቹን እንዲፈትኗቸውና የማስተዋል ብስለት ባዩባቸው ጊዜ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው ታዘዋል። ይህ ፈተና እንዴት ይደረጋል ለሚለው ከፊቅህ ሊቃውንት መካከል ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ በማነገድ ነው ያሉ አሉ። እንግዲህ ለየቲም እንዲህ ከታዘዘ፣ አባቱ በሕይወት ያለለትን ልጅ እስከ አርባ ዓመቱ ሳይፈትኑ ማቆየት ምን ይባላል?

እኔ በመምህርነት ሥራዬ የማውቀው ነገር አለ። መምህሩ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን መስመር የሚያርምለት ተማሪ ፈተና ላይ ይደናገራል። ችሎታ ስለሌለው አይደለም፤ ብቻውን ወስኖ ስለማያውቅ ነው። በአባቱ ፊት ለሚሸጥ ልጅም ነገሩ ያው ነው። ደንበኛው ዋጋ ሲያስቀንስ ልጁ ወደ አባቱ ዞር ይላል። አባቱ ከሌሉ ግን ዞር የሚልበት የለውም። ያኔ ያስባል።

ሴቶች ልጆቻችንንና ባለቤቶቻችንንም አንርሳ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ቤት የተቀመጠች ልጅ ያላቸው ነጋዴዎች፣ መዝገባቸውን ለማያውቁት ሰው በደመወዝ ሲያስይዙ ይታያል። ባልየው በድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት መጀመሪያ የምትጠየቀው ሚስት ናት። ስለዚህ መዝገቡን እሷም ማወቅ ይገባታል።

ከመሄድ በፊት፣ ርቀው ሳሉ፣ ከተመለሱ በኋላ

እንዴት እንጀምር ለሚሉ አንባቢያን ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን።

በመጀመሪያ በትንሹ ይጀመር። አንድ ቀን፣ ከዚያ ሦስት ቀን፣ ከዚያ አንድ ሳምንት። ጅምሩ የገበያ ወይም የበዓል ዋዜማ ባይሆን መልካም ነው። ከመሄድ በፊት ዱቤው፣ ዕዳው፣ የአቅራቢዎች ስልክ፣ የዋጋው ወለልና ጣራ ይጻፍ። ልጁ እስከ ስንት ብር ድረስ በራሱ ሊወስን እንደሚችል ቁጥሩ ይነገረው። «እንደ መሰለህ አድርግ» የሚለው ቃል ሥልጣን የሰጠ ይምሰል እንጂ ጥፋት ሲመጣ ልጁን ብቻውን የሚያስቀር ነው።

የረዘመ ጉዞ ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያሠራል። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህ ልዩነት ሁለት ጥቅም አለው። ልጁ ለዕለት ሥራው የሚበቃ ሥልጣን ያገኛል፤ አባትም ቤቱ ሳያውቅ ይሸጥብኛል ብሎ አይሰጋም። የባንክ ፊርማን በሚመለከት ግን አስቀድሞ ባንኩን ጠይቆ የሚፈልገውን ማሟላት ይበጃል።

ርቀው ሳሉ ትልቁ ፈተና ስልክ ነው። በድሮ ጊዜ ሐጅ የሄደ ሰው እስኪመለስ ወሬው አይሰማም ነበር። ዛሬ ግን መዲና ተቀምጦ የመርካቶን ዋጋ በየሰዓቱ መጠየቅ ይቻላል። በቴሌብር የገባውን ገንዘብ እዚያው ሆኖ የሚቆጥርም አለ። እንዲህ ያለው ሰው አካሉ ሄደ እንጂ ሱቁን አልለቀቀም። ለልጁም ዕድል አልሰጠውም፤ ለዒባዳውም ልቡን አልሰጠም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት የተወሰነ ሰዓት ይቀጠር። ከዚያ ውጭ የሚደወለው ለእሳት፣ ለሕመምና ለመሳሰለው ብቻ ይሁን።

ሲመለሱስ? ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። አባት ገብተው በመጀመሪያው ሰዓት «ይህን ማን እዚህ አስቀመጠው? ይህን ለምን በዚህ ዋጋ ሸጥክ?» ካሉ፣ በሠራተኛና በደንበኛ ፊት ከሆነ ደግሞ፣ የአንድ ወር ትምህርት በአንድ ሰዓት ይፈርሳል። ልጁም ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ላለመወሰን ይጠነቀቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀመጡና ይስሙ። ምን ተሸጠ? ምን አስቸገረ? ምን ለወጥክ? ለምን? የማይረባው ነገር ቤት ውስጥ በእርጋታ ይታረም። የተሻለ ሆኖ የተገኘው ግን የልጅ ሥራ ነው ሳይባል እንዳለ ይቀጥል። ምናልባት ልጁ የለወጠው የመደርደሪያ አቀማመጥ ከእርስዎ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ኪሳራ አይኖርም አንልም፤ ይኖራል። ልጁ አንድ ዕቃ አርክሶ ይሸጣል፤ አንድ የማይከፍል ሰው ያታልለዋል። ከመሄድዎ በፊት «ይህን ያህል ብር ቢጠፋ እችላለሁ» ብለው ለራስዎ ቁጥር ይወስኑ። ለትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ እንከፍል የለምን? ይህም ክፍያ ነው። ሱቁ ውስጥ ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነና የሚተኩት ሰው ከሌለ ደግሞ የጎረቤት ባለሱቅ ጋር በተራ መጠባበቅ ይቻላል። እሱም ካልሆነ ግማሽ ቀን ዘግቶ መዝገቡን መጻፍ በራሱ ጅምር ነው። በጁሙዓ አዛን ሲሰማ ንግድን ትተን እንሄድ የለምን? ሲሳያችን በዚያ ሰዓት አላነሰም።

ሳይጠሩት የሚመጣው መለየት

ውድ አንባቢያን! እስካሁን የተነጋገርነው ሰው በፈቃዱ ስለሚያደርገው መራቅ ነው። ሌላም አለ። እሱ ቀን አይቆርጥልንም፤ የሁለት ወር ዝግጅትም አይሰጠንም። በዚያን ቀን ባለቤት የሌለው ሱቅ ውስጥ ሚስት፣ ልጆችና ወንድሞች ይቀራሉ። ዕዳው ካልተጻፈ ከሟቹ ላይ ሳይወርድ ይቆያል፤ ሐቁ የሚገባው ሰው ሳይከፈለው፣ የማይገባው ወስዶ ውርስ ይከፋፈላል። እኅትና ወንድም በአባታቸው ቃል ምክንያት «እንዲህ ብሎኝ ነበር»፣ «አላለም» እየተባባሉ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ቤት እናውቃለን።

ዛሬ ማታ ከኢሻ በኋላ በየቤታችን ባለቤታችንንና ትልቁን ልጃችንን ሦስት ጥያቄ እንጠይቃቸው። ከሰው ላይ ያለን ገንዘብ ስንት ነው? ለሰው የምንከፍለውስ? እኔ ነገ ባልመጣ ሱቁን ማን ይከፍታል? መልሱን ካወቁት አልሐምዱሊላህ። ካላወቁት የመጀመሪያዋን የዕረፍት ቀን ለመቁረጥ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም።

አላህ ንግዳችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ልጆቻችንንም አማናን የሚሸከሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።